ሊቆረጥ የሚተከል ዛፍ

ሰው አንድን ዛፍ ሊቆርጠው አስቦ መትከሉ፣ ዓመታት ሙሉ ከውርጭና ከከብት እየጠበቀ ማሳደጉ፣ ቀኑ ሲደርስም በገዛ እጁ መጣሉ ከሃይማኖትም ከፍልስፍናም ጋር የሚነካካ ጥያቄ ያስነሣል። በእህል ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም። ገብስ ተዘርቶ በወራት ውስጥ ይታጨዳል፤ ለታጨደ ገብስ ያዘነ ሰው የለም። ዛፍ ግን ከልጅ ጋር እኩል ያድጋል፤ ካልነኩት ደግሞ ከተከለው ሰው ዕድሜ አልፎ ይቆማል። ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በገና ዛፍ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገር ወይም ለማገዶ ይቆረጣል፤ የገና ዛፍ የሚቆረጠው ለጥቂት ቀን ደስታ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ይጣላል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የገና ዛፍ ማሳደግ ራሱን የቻለ ግብርና ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርስ ከእርሻ የተቆረጠ ዛፍ ይሸጣል፤ አንዱ ዛፍ ለገበያ የሚበቃ ቁመት ላይ ለመድረስ በአማካይ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ዴንማርኮች በብዛት የሚተክሉት ኖርድማን የሚባለው ዝርያ ዘሩ የሚለቀመው በጆርጂያ ተራሮች፣ በተለይም በአምብሮላውሪ አካባቢ፣ ከረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ በሚወጡ ለቃሚዎች ነው። ገበሬው በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሥራ አይፈታም። ሥሩን ያርማል፣ ጎኑን በየዓመቱ ይከረክማል፣ ሁለት ጫፍ ያወጣውን አንዱን ቆርጦ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ያደርገዋል። ዛፉ እስኪደርስ ገቢ ስለሌለ አንዳንድ አነስተኛ እርሻዎች ከጎኑ ላቬንደር ይተክላሉ፤ ላቬንደር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ለሽያጭ የሚሆን አበባ ይሰጣልና።

ሁለቱ ተክሎች በአንድ እርሻ ላይ መገናኘታቸው ለጥያቄው ይጠቅማል። ላቬንደር በየዓመቱ ካልተቆረጠ ግንዱ እንጨት እየሆነ ይሄዳል፣ መሐሉ ይከፈታል፣ አበባው ይቀንሳል። የሚቆርጠው ሰው ግን ልኩን ማወቅ አለበት፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከወረደ ተክሉ መልሶ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ስለዚህ ያው መቁረጥ ለላቬንደሩ ዕድሜ ይጨምርለታል፣ ዛፉን ይገድለዋል። በጥቅሉ “መቁረጥ ኃጢአት ነው” ወይም “መቁረጥ መብት ነው” የሚል ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል፤ የተቆረጠው ምን እንደ ሆነና ከተቆረጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ ፍርድ የለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንሻገር፣ ከደባርቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ ጨነቅና ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባራስ የገና ዛፍ ገበያ የላትም። መንደሯ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ አገሬው ይህን ከደጋ በላይ ያለ ብርዳማ አገር ውርጭ ይለዋል። እህሉ ገብስ ነው። የሐበሻ ጥድ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ ስለሚበቅል እዚህ ወሰኑ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ አገሩ የአስታና የጅብራ ነው። የላቬንደርን ቦታ የያዘው ደግሞ የዚያው ቤተሰብ የሆነው ጦስኝ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሽምፐር የተባለውን ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ያስታውሳል፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ሲሠራ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ሞቷል።

ጦስኝ መሬት ለመሬት ይንሰራፋል፤ ረግጠውት ያለፉ ሁሉ መዓዛውን በጫማቸው ይዘው ይሄዳሉ። ደርቆ ለሻይ፣ ለበርበሬና ለሽሮ ይሸጣል። የሚሰበሰበው ግን በሁለት መንገድ ነው። በማጭድ ጫፍ ጫፉን የቆረጠ ሰው በሚመጣው ዓመት እዚያው ቦታ ያገኘዋል። የቸኮለው ጨብጦ ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ ቅርጫቱ ቶሎ ይሞላል፣ ተዳፋቱ ግን ራቁቱን ይቀራል፣ በክረምት አፈሩ ከጎርፍ ጋር ይወርዳል። ሁለቱም ሰዎች ያልተከሉትን ነው የወሰዱት። አንደኛው የወሰደው ግን መልሶ የሚበቅለውን ያህል ብቻ ነው።

የዛፍ ችግኝ በእንዲህ ያለ አገር ማሳደግ ምን ማለት እንደ ሆነ በቅርብ ማየት ይገባል፤ ስለ ተክል የሚጻፍ ፍልስፍና ብዙ ጊዜ የተተከለውን ያያል እንጂ ተካዩን አያይም። ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈራል፤ ችግኙ የሚወርደው ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ችግኙ ያደገበት ላስቲክ በምላጭ ተተርትሮ ይወጣል፤ አፈሩ ከሥሩ ከረገፈ ግማሹ ልፋት እዚያው ቀረ ማለት ነው። ዙሪያው በድንጋይ ወይም በእሾህ ይታጠራል፤ በግና ፍየል ለለጋ ቡቃያ አይመለሱም። ዋናው ፈተና የሚመጣው ግን ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ከጥቅምት ወዲያ ሌሊት ሌሊት በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል፣ መሬቱን ይነፋዋል፣ ችግኙንም ከነሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠዋት አመዳዩ ሲሟሽሽ አፈሩ ይወርዳል፤ ሥሩ ግን አየር ላይ ይቀራል፣ በቀትር ፀሐይ ይደርቃል። ባለቤቱ ማለዳ ዞሮ እያንዳንዱን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ካልመለሰው፣ ሥሩን በጭድ ካላለበሰው፣ በሐምሌ የተተከለው ጥር ላይ የለም። በሌላው ዓለም ዛፉ ለገና የሚቆረጥበት ወር በእነዚህ ተራሮች ችግኙ ጠባቂ አጥብቆ የሚሻበት ወር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ቁጥሩ ነበር። መጠየቅ የነበረበት ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ማለዳ ማለዳ ማን እንደሚዞር ነው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ለዘመቻም ይመቻል፤ መጠበቅ ግን በዘመቻ አይሆንም።

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ጉዳይ ከሚጠበቀው በላይ ዝርዝር ነገር አለው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው በገነት ሲቀመጥ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ ማልማትና መጠበቅ። ዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማ የከበበ ሠራዊት ፍሬ የሚበላለትን ዛፍ በመጥረቢያ እንዳያጠፋ ይከለክላል፤ ፍሬ የማይሰጠውን ግን ለምሽግ መቁረጥ ይፈቅዳል። ከሁሉም የሚደንቀው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ያለው ሥርዓት ነው። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ የተከለ ሰው ሦስት ዓመት ፍሬውን አይነካም፤ የአራተኛው ዓመት ፍሬ ለእግዚአብሔር ይቀደሳል፤ ተካዩ መብላት የሚጀምረው በአምስተኛው ዓመት ነው። ተካይ ስለ ተከለ ብቻ በተከለው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጌታ አይሆንም ማለት ነው። ሕጉ የተነገረው ስለ ፍሬ ዛፍ ስለ ሆነ ጥድ በፊደሉ አይገባበትም፤ መንፈሱ ግን ለማንኛውም ወጣት ዛፍ የሚሆን ነው።

የገና ዛፍን የሚቃወሙ ሰዎች በብዛት የሚጠቅሱት ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 10ን ነው፤ እዚያ ከዱር ዛፍ ቆርጦ በብርና በወርቅ ስለማስጌጥ ይናገራልና። ጥቅሱ ግን ለጉዳዩ አይመጥንም። ነቢዩ የሚነቅፈው በጠራቢ እጅ ተሠርቶ እንዳይወድቅ በምስማር የሚቸነከረውን፣ መራመድ ስለማይችል የሚሸከሙትን ጣዖት ነው። በአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ በቆመ ጥድ ፊት የሚሰግድ ሰው የለም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከሥርዓቱ በኩል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልደት ሥርዓት ውስጥ የገና ዛፍ ቦታ የለውም። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም፣ የሌሊቱ ማሕሌትና ቅዳሴ፣ ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ ድፎ ዳቦው፣ ሜዳ ላይ የሚመታው የገና ጨዋታ በዓሉን ይሞሉታል። በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል፤ ለዚህ ሁሉ ዛፍ አላስፈለገም። ተቃውሞው ስለ ባህል ማንነት ከሆነ ትክክል ነው። ስለ መቁረጥ ከሆነ ግን ራሱን ይቃረናል። ቄጠማ የታጨደ ለምለም ነው። በመስቀል ዋዜማ የሚቆመው ደመራ ደግሞ ለበዓል ተብሎ የተቆረጠ እንጨት ነው፤ ያውም ቤተ ክርስቲያን ባርካው ለእሳት የምትሰጠው። ለክብረ በዓል ዕፅ መቁረጥ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ቄጠማ ከረግረጉ መልሶ ይበቅላል፣ ደመራውም ብዙ ጊዜ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ይገኛል። የሐበሻ ጥድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

የደጋው ሰው ለዛፍ ያለው ሃይማኖታዊ አክብሮት ከሁሉ በላይ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በጎንደርና በጎጃም አውራ ጎዳናዎች የተጓዘ ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክብ ያያል፤ በዚያ ክብ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዝግባው የታቦቱ ነው፤ ደፍሮ የሚቆርጠው የለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ዙሪያው ሲመነጠር ይህን ሁሉ ያቆየው የዘበኛ ጠመንጃ ሳይሆን በአብዛኛው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው።

ነገር ግን ያው ምርምር ደስ የማይል ነገርም አሳይቷል። ከብት በሚገባባቸው ደኖች ትልልቁ ዛፍ ቆሟል፣ ከሥሩ ግን ተተኪ የለም። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ይረገጣል ወይም ይበላል። ታጥሮ ከብት የተከለከለበት ቦታ ላይ ችግኙ ይነሣል። ከዚህ በኋላ ነው በበርካታ አጥቢያዎች ምእመናኑ ከየማሳው ድንጋይ እየለቀሙ ደኑን ማጠር የጀመሩት። ነገሩ ለሃይማኖት ሰው ሊያሳስብ ይገባል። ሰው የታቦቱን ሽማግሌ ዛፍ ለመቁረጥ ይፈራል፤ በታቦቱ ችግኝ ላይ ግን በሬውን ሲነዳ አይፈራም። የቅድስና ፍርሃት ያለውን ያቆያል፣ የሌለውን ግን አይተካም። ለመተካት እጅ፣ ድንጋይና ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። ያልተጠበቀ ቅዱስ ደን ቀስ እያለ ያረጃል፤ ማንም ሳይቆርጠው ያልቃል።

በሌላ በኩል የገና ዛፍ ገበሬ ዛፉን ቅዱስ አይለውም፤ የሽያጭ ዕቃ ነው። ቢሆንም በየዓመቱ የቆረጠውን ያህል ይተክላል፣ ካልተከለ እንጀራው ይቀራልና። በማሳው ላይ ሁልጊዜ ወጣት ዛፍ አለ። ሁለቱን ማነጻጸር ለአማኙ ምቾት አይሰጥም፤ ግን እውነት ነው። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ትውፊት እዚህ ላይ ትዝ ይላል። ሊቁ በሕፃንነቱ አንዲት ትል እየወደቀች እየተነሣች ወደ ዛፍ ፍሬ ስትወጣ አይቶ ትምህርቱን እንደ ጀመረ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ እንደ ተሰወረ ይተረካል። ትሏን ሁሉም ያስታውሳታል። ዛፉን ማን ተከለው ብሎ የጠየቀ ግን ያለ አይመስልም።

ፈላስፎች ወደ ጉዳዩ የገቡት በተለያየ በር ነው። አሪስቶትል ዕፅዋት ለእንስሳት፣ እንስሳት ደግሞ ለሰው እንደ ተፈጠሩ ያስተምራል፤ በዚህ ሐሳብ ሄዶ ጥድ ስለ መቁረጥ ጥያቄ ማንሣት ጊዜ ማባከን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አልበርት ሽቫይትዘር ተቃራኒውን ያዘ፤ ለሕይወት ሁሉ አክብሮት ይገባል አለ። እሱም ቢሆን ለከብቱ ሣር የሚያጭደውን ገበሬ አልኮነነም፤ የነቀፈው ያው ገበሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለ ምክንያት አንዲት አበባ ቢቀጥፍ ነው። ልዩነቱን በአስፈላጊነት ላይ አቆመው። የገና ዛፍ በዚህ ሚዛን አስቸጋሪ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ የግድ አስፈላጊ አይደለም፣ በከንቱ የተቀጠፈ ነው ማለትም አይቻልም፤ ደስታም፣ በዓልም የሰው ጉዳይ ነውና።

“ዛፉ ዕድሜው ሳይደርስ ተቀጨ” የሚለው መከራከሪያ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል። በሰሜን ተራሮች ያለችው ጅብራ ለዓመታት ቅጠሏን ብቻ ይዛ ትቆያለች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ታወጣለች፣ ዘሯን ትረጫለች፣ ትሞታለች። ሳታብብ የተቆረጠች ጅብራ ዘር ሳትተካ ጠፋች ማለት ይቻላል። የእርሻው የገና ዛፍ ግን ለዚያ ዓላማ ባይተከል ኖሮ ጭራሹኑ አይኖርም ነበር፤ ወገኑም በመቆረጡ አልቀነሰም። እርግጥ “እኔ ነኝ ያኖርኩት” ማለት ለማንኛውም ድርጊት ፈቃድ አይሆንም፤ እንደዚያ ቢሆን ወላጅ በልጁ ላይ ያሻውን ማድረግ በቻለ። ነገር ግን ዛፍ ሕመም የሚሰማበት የነርቭ ሥርዓት የለውም። በደል ካለ የሚፈጸመው ከዛፉ ይልቅ በምድሩ፣ በጎረቤቱና ገና ባልተወለደው ሰው ላይ ነው፤ መታየት ያለበትም በዚህ በኩል ነው።

የባለቤትነት ነገር በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ልዩ መልክ ይሰጠዋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ያፈራው ቋሚ ንብረትና ያደረገው መሻሻል ግን የራሱ ነው። ገበሬው የተከለው ዛፍ የእሱ ነው፣ ዛፉ የቆመበት አፈር ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ኦሪትን አስበው ባይሆንም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፤ ተካይ መብት አለው፣ መብቱ ግን ከሥሩ ባለው የጋራ ነገር ላይ ልክ ተበጅቶለታል። በሰሜን ተራሮች ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። በዚህ መሐል፣ በ2016፣ በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ሣሩና አስታው እፎይ ብሏል። ከቦታው ለተነሣ ሰው የሚከፈል የካሳ ገንዘብ ግን የዛፍን ዋጋ ሊተምን ይችላል፤ ማለዳ ማለዳ የተረገጠውን አፈር ግን በምን ይተምነዋል? ጥበቃ የሚፈልግ ሁሉ፣ ፓርክም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባቂ ገበሬ የነበረውን ሰው እንደ ጠላት ቆጥሮ ብዙ አይራመድም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ለአገሩ የገና ዛፍ ይህን ይመስላል። በራሱ ማሳ ዳር የፈረንጅ ጥድ ተክሎ፣ አሳድጎ፣ ለገና ቆርጦ የሚሸጥና በምትኩ የሚተክል የዳባት ወይም የደባርቅ ገበሬ ከሕግም ከሃይማኖትም አንጻር የሚነቀፍበት ነገር የለም፤ ባሕር ዛፍ ከሚሸጠው ጎረቤቱ አይለይም። ከዱር ወይም ከአጥቢያ ደን የሐበሻ ጥድ ጫፍ ቆርጦ ከተማ ላይ የሚሸጥ ሰው ግን ያልጠበቀውን፣ የማይተካውንና የሁሉ የሆነውን ነው የወሰደው፤ የሚገዛውም ከእሱ የተሻለ አይደለም። ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ ዛፍ ጥያቄውን አይፈታውም፤ ቆራጭ የለበትም፣ ጠባቂም የለበትም። ቤቱ ለገና ዛፍ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው አንድ የጥድ ችግኝ በማሰሮ ተክሎ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ቢያስጌጠው፣ ማሰሮው ሲጠበው ደግሞ በሐምሌ ደጁ ላይ ወይም በአጥቢያው ቅጥር ውስጥ ቢያወርደው ይበጃል። ካወረደው በኋላም ያጥረው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥድ ቶሎ አያድግም፣ አንዲት ፍየል ደግሞ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች።